አስር ጣትና ዘጠነኛዋ ኖታ

ለሰው ቅጽል ስም የሚወጣለት ወይ በሚያምርበት ወይ በሚያስቅበት ነገር ነው። እሱን «አስር ጣት» ያሉት ግን በሁለቱም ነው። ኪቦርድ ፊት ሲቀመጥ ከጣቶቹ አንዷም ሥራ ፈት ሆና አታውቅም። ሌላው ሰው በሦስት ጣት የሚያልፈውን ቦታ እሱ በሁለት እጁ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ ትንፋሽ መውጫ ሳያስቀር ያልፈዋል።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። በወጣትነቱ ባንዱ ሙሉ ነበር። መጀመሪያ ትራምፔት ነፊው አግብቶ ሌላ ከተማ ሄደ፤ የእሱን ድርሻ በቀኝ ትንሽ ጣቱ ያዘለት። ቀጥሎ ጊታር መቺው ሱቅ ከፈተ፤ የእሱን በመሃል ጣቶቹ ተረከበ። ቤዝ መቺው ታሞ ሞተ፤ ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ የግራ ትንሽ ጣቱ ማንም ሳያዛት የሟቹን ሥራ መሥራት ጀመረች። የከበሮውን ነገር ማሽን ተረከበው። አንዱ በሄደ ቁጥር የሄደውን በእጁ እየሰበሰበ፣ ስልሳን ሲያልፍ ብቻውን ባንድ ሆኖ አረፈው። ከድሮዎቹ የቀረችለት አንዲት ሰው ናት፤ ታላቅ እህቱ፣ ዘፋኟ።

እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ጢሙ ነጭ ሆኖ «አንተ ልጅ» ትለዋለች፤ እሱም «እትዬ» ይላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። መሃላቸው መጋረጃ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ ባለው ሆቴል ምሳ ሰዓት ላይ ይጫወታሉ። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ራሱ ጥገና እስኪያስፈልገው ድረስ ቢጫ ሆኗል። ስለዚህ በደረጃ ይወጣሉ፤ እሷ መደገፊያውን ይዛ፣ እሱ ከኋላዋ፣ መታጠፊያው ላይ ቆም ብለው እየተነፈሱ።

የእትዬ ሳምንት የሚሄደው በዚያች እሑድ ነው። ሰኞ ደክሟት ትተኛለች። ማክሰኞ ትነጫነጫለች። ረቡዕ ጉሮሮዋን በሙቅ ውሃ ትጉመጠመጣለች። ሐሙስ ቀሚሷን አውጥታ በሩ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ። ባሏ በሞተ ሰሞን፣ ዘፈኑ ቆሞ ሳለ፣ አስር ጣት ያለ እሑድ የምትኖረውን እህቱን አይቷታል። ፀጉሯን ሳታበጥር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ የምታይ ሴት ነበረች። ያችን ሴት እንደገና ማየት አይፈልግም።

የፕሮግራሙ መዝጊያ የሆነ አንድ ዘፈን አላት። ሰው ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወጣል። የመጨረሻው ቃል «መጣሁ» ነው። «መጣ» ላይ ከዶ ይነሳል፣ «ሁ» ላይ ሬን ረግጦ ላይኛዋ ሚ ላይ ይደርስና እዚያ ይቆማል። ነባር ደንበኞች ያቺን ሚ ሲጠብቁ ሹካቸውን ያስቀምጣሉ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ሚ አልመጣ አለች። የእትዬ ድምፅ ሬ ላይ ይደርስና ይቆማል። የቀረው አንድ እርምጃ ነው፤ አንዷ እርምጃ ግን እምቢ አለች። አስር ጣት ደግሞ እህቱን ሊረዳ ብሎ ያቺኑ ላይኛዋን ሚ በቀኝ እጁ አጥብቆ ይመታላታል፤ «ይኸውልሽ፣ እዚህ ነኝ፣ እጅሽን ስጪኝ» እንደማለት። እሷ ሬ ላይ፣ እሱ ሚ ላይ፤ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ጠባብ በር ተጋፍተው ለመግባት እንደሚታገሉ ሰዎች ይፋተጋሉ። እሱ በረታ ቁጥር የእሷ ስህተት ይጎላል።

አንድ እሑድ ከመድረኩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ልጅቷ አፏን በናፕኪን ሸፈነች። እትዬ አየቻት።

ሲወርዱ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆመች።

«አየሃቸው?»

«ማንን?»

«አትሞኝብኝ። አይተሃቸዋል።»

«ልጆች ናቸው እትዬ። በሌላ ነገር ይሆናል የሳቁት።»

«በሌላ ነገር የሚስቅ ሰው አፉን አይሸፍንም።» መደገፊያውን አጥብቃ ያዘች። «ስማኝ። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ዘፈኑ ላይ ወድቄ ከተሳቀብኝ ማይኩን እዚያው አስቀምጬ እወርዳለሁ። ሁለተኛ ይሄን ደረጃ አልወጣም።»

እህቱ ስትቆጣ እንጂ ስትዝት ተሰምታ አትታወቅም፤ ያለችውን ግን አድርጋ ትገኛለች። አንዴ «የዚያን ቤት ደጅ አልረግጥም» ያለችውን የባሏን ዘመድ ቤት እንዳልረገጠች ቤቱ ፈርሷል።

ሰኞ ስልክ ደውሎ ባለ ቤዙን አማከረው። ባለ ቤዙ ከአንድ ዓመት በፊት ሆቴሉ የቀጠረላቸው ሰው ነው። በሥራ ቀን ፍሪጅ ይጠግናል፣ እሑድ ቤዝ ጊታር ይመታል፤ ሙዚቃን በማታ ትምህርት ነው የተማረው። ትዕግስቱ ከፍሪጅ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ዓመት ሙሉ የአስር ጣት የግራ ትንሽ ጣት የእሱን ቤዝ ላዩ ላይ እየደገመችበት አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሎት አያውቅም፤ ወይም ቅር ብሎት አልተናገረም።

«የዘፈኑን ኪይ ዝቅ እናድርግላቸዋ» አለ ባለ ቤዙ። «ዘፈኑ በሙሉ ሁለት እርምጃ ቢወርድ ያቺ ሚ ትቀርባቸዋለች።»

እሑድ አዳራሹ ሳይሞላ ሞከሩት። መጨረሻው ቀረበ፣ መጀመሪያው ግን ጠፋ። ዘፈኑ ድሮም የሚጀምረው የእትዬ ድምፅ ወለል ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ቃሉ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። እትዬ ሁለት መስመር ዘፍና አቆመች።

«ጉድጓድ ከታችሁ ነው የምታዘፍኑኝ? መልሱት ወደ ቦታው።»

መለሱት። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም በበኩሉ መፍትሔ ነበረው። ገና ጎረምሳ ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ ለእሱ «ፋዘር» ነው።

«ፋዘር፣ ያቺን የመጨረሻዋን ዘፈን ብናስቀራትስ?»

«በመጀመሪያ እኔ አባትህ አይደለሁም» አለው አስር ጣት። «ሁለተኛ፣ ልታስቀራት ከፈለግህ እዚያ ቆማለች፤ ራስህ ሂድና ንገራት።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ አየ። ቀጥ ብላ እንደ ምሰሶ ቆማለች። «ይቅር ግዴለም» ብሎ ሄደ።

የነገሩ መንገድ የተገኘው ፀጉር ቤት ነው። አስር ጣት አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮ ተቀምጦ ሳለ ሬዲዮው የባሕር ማዶ ዘፈን ያጫውት ነበር። ቋንቋውን አይሰማም። ዘፋኟ መጨረሻው ላይ ደርሳ ቆመች፤ የቆመችበት ግን ጆሮው የጠበቀው ቦታ አልነበረም። ዜማው ከሚያርፍበት ቤት አንድ እርምጃ ውጭ ነው የቆመችው። ሆኖም የጎደለ ነገር አልነበረም። ሳትደርስ ደርሳለች።

«ቆይ፣ ዝም በል እስቲ» አለው ፀጉር አስተካካዩን።

«እኔ መቼ ተናገርኩ?»

«መቀሱ ነው የሚያወራው።»

ዘፈኑ ግን አልቆ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው ሲኖር፣ ጆሮው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው አፈረ። በሚቀጥለው እሑድ ቀደም ብሎ መጣና ባለ ቤዙን ጠረጴዛ ልብስ የሚታጠፍበት ክፍል አስገብቶ በሩን መለስ አደረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዶ ኮርድ ላይ ሬን የሚያስቀምጧት እንዴት ነው? ሳትፋተግ።»

ባለ ቤዙ ትንሽ አሰበና ከመደርደሪያው የታጠፉ ናፕኪኖች አንስቶ ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ዘረጋቸው።

«ከዚህ ይጀምሩና ይቁጠሩልኝ።»

«ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ...»

«ይቀጥሉ።»

«ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ።»

«አሁን አንድ ይያዙ፣ አንድ ይዝለሉ።»

አስር ጣት ዶን ነካ፣ ሬን ዘለለ፤ ሚን ነካ፣ ፋን ዘለለ፤ ሶልን ነካ።

«ይሄው ኮርዴ ነው፤ ሦስቱ በአንድ ላይ። ዕድሜ ልኬን የመታሁት።»

«እዚያ የሚያቆም ሕግ የለም። ይዝለሉ።»

ላን ዘለለ፣ ሲን ነካ። «ሰባተኛ። ይቺንም አውቃታለሁ።»

«ይዝለሉ።»

የላይኛውን ዶ ዘለለና ጣቱ ዘጠነኛው ናፕኪን ላይ አረፈ። አየው።

«ማናት?» አለ ባለ ቤዙ።

«ሬ።»

«የትኛዋ ሬ?»

«መጀመሪያ ላይ የዘለልኳት።»

«ዘጠነኛ የሚሏት እሷን ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለፍናት በሁለተኛው ተገኘች። ቢቀጥሉ ፋን ያገኟታል፣ አስራ አንደኛ። ከዚያ ላን፣ አስራ ሶስተኛ። ከዚያ ወዲያ ውጭ የቀረ የለም፤ ሰባቱም ቤት ገብተዋል።»

አስር ጣት ናፕኪኑ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። «ታዲያ ከሚ ጋር የምትጣላው ለምንድን ነው?»

«ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጧቸው ነዋ። እንደ አማትና ምራት ናቸው። አንድ ክፍል ከተኙ ይነካከሳሉ፤ አንዷ ፎቅ አንዷ ምድር ሲኖሩ ምግብ ይላላካሉ። ሚን ዝቅ ብለው መሃል ላይ ይምቷት፣ ሬ ብቻዋን ላይ ትሁን፤ ያኔ ይስሟቸው።»

በሩ ተከፈተና የልብስ ክፍሉ ሠራተኛ ገባች።

«ተኩሼ ጨረስኩ ስል! ማነው የበተነው?»

«ትምህርት ላይ ነን» አለ ባለ ቤዙ።

ሴትየዋ አስር ጣትን ከላይ እስከ ታች አየችው። «በዚህ ዕድሜዎ?»

«በየትኛው ልማር ኖሯል?» አለ አስር ጣት ናፕኪኖቹን መልሶ እያጠፈ። «ያኔማ ሥራ ነበረብኝ።»

ቤት ሲሆን ኪቦርዱን የሚያስቀምጠው የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነው። ድምፁን ቀንሶ ጀመረ። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ። እየቆመ፣ እየቆጠረ፣ እየተሳሳተ። አንድ ጣት ሲያነሳ ሌላዋ ሳትጠራ ትገባለች። የለመደ እጅ የለመደ በቅሎ ነው፤ ወደ ድሮው ደጅ ይዞህ ይሄዳል። ጀርባው ዛለ፣ ዓይኑም ፈዘዘ። ደግሞ ጀመረ።

መጋረጃው ተገለጠ። «ምን ጠፍቶህ ነው የምትፈልገው?»

«ምንም። እየሞከርኩ ነው።»

«እንደ ጀማሪ ነው የምትመታው።» ቀረብ ብላ እጁን አየች። «ጣትህን አመመህ እንዴ?»

እውነቱን ቢነግራት «ስለዚህ እንደማልደርስ ቆርጠሃል» ማለቷ አይቀርም። «ትንሽ ደንዝዞኛል» አለ።

ፊቷ ተለወጠ። ሄዳ ውሃ አሞቀችና ጨው ጨምራ በሳህን አመጣችለት። እጁን ነክሮ ተቀመጠ። እሷ ደግሞ እንዳያፍር ብላ ይመስላል ጣቶቹን ሳታይ ውሃው ውስጥ ታሻቸው ጀመር፤ ልጅ ሳለ ጭቃ ሲጫወት ውሎ ሲመጣ እንደምታጥበው። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ውሃ አላቃጠለውም፤ ውሃው ግን ለብ ያለ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ መዝጊያው ላይ ከመድፈሩ በፊት መሃል ላይ በምትገኝ፣ እትዬ በማትዘፍንባት ዜማ ሞከረው። የለመደውን ሁሉ እንደያዘ፣ በአስሩም ጣት ላይ፣ ሬን ጨመረባት። ከግራው ሬ፣ ከቀኙ ሬ። አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ የሞላው መሳቢያ የወደቀ መሰለ፤ አንድ አስተናጋጅማ ዞሮ ወደ ኩሽና አየ። እትዬ አንገቷን ሳታዞር ወደ እጆቹ ተመለከተች። ያን ዕለት መዝጊያውን «ጉሮሮዬ ደርቋል» ብላ ሳትዘፍን ወረደች። የጣቱን ሕመም ለመሸፈን ብላ እንደዋሸች ገባው።

ባለ ቤዙ ገመዱን እየጠቀለለ ቀረበው። «ጋሼ፣ ዘጠነኛ ለማድረግ ነበር?»

«አድርጌያታለሁ እንጂ።»

«ምን አወጡላት?»

«ምን አወጣለሁ? ጨመርኩ እንጂ።»

«እሱ ነዋ። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ይለቀቅለታል እንጂ እላዩ ላይ አይተኛም።» ባለ ቤዙ ገመዱን አስቀመጠ። «ዶን ይተዉት። እኔ ይዤዋለሁ። ዓመት ሙሉ ይዤዋለሁ።»

አስር ጣት ቀና ብሎ አየው። በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የከበደው። የግራ ትንሽ ጣቱን በቀኝ እጁ ያዘ፤ ሌባ እንደያዘ ሰው።

«እሺ። ዶን ተውኩ።»

«ሶልን ቢያሳንሷትም ትሆናለች። ሚና ሲ ይበቃሉ፣ ሶልን ከፈለጉ ቀስ ብለው። ከዚያ ደግሞ... ሬን አይምቷት።»

«እንዴ! ሬን ካልመታሁ ዘጠነኛዋ ከየት ትመጣለች?»

«እትዬ ይዘዋት ይመጣሉ።»

አስር ጣት ኮርድ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው ብሎ ነበር የኖረው። ዶ በዚህ ሰው እጅ፣ ሚና ሶልና ሲ በእሱ፣ ሬ ደግሞ በእህቱ አፍ፤ አንድ ኮርድ በሦስት ሰው። ከአስሩ ጣቶቹ የሚፈለጉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ወደ ቤት ሲሄድ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ነበር። የሞተው ቤዝ መቺ፣ የሄደው ጊታር መቺ፣ ያ ትራምፔት ነፊ፤ ሁሉንም ሲሸከማቸው እንደኖረ ያወቀው ማስቀመጥ ሲኖርበት ነው። ቀለል ይለኛል ብሎ ነበር። አልቀለለውም፤ ደከመው እንጂ።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ወደ ማይኩ ከመሄዷ በፊት ወደ እሱ ጎንበስ ብላ «ጣትህን ካመመህ ቀስ በል፣ እኔ አለሁ» አለችው።

ዘፈኑ ተጀመረ። ዝቅ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። የግራ ትንሽ ጣቱ ሁለት ጊዜ ወደ ዶ ልትሄድ ተነሳችና ሁለት ጊዜ መለሳት። ዘፈኑ ወጣ፣ ወጣ። «መጣ» ብላ ዶን ረገጠች። ሬ ላይ ደረሰች። እንደለመደችው ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ወደ ሚ ልትገፋ ስትል፣ ወደ ላይ የሚጎትታት ሚ አልነበረም። ቀኝ እጁን ከላይኛዎቹ ቁልፎች አንስቶ መሃል ላይ ሚን፣ ሶልን፣ ሲን ብቻ ያዘ። ከሥር የባለ ቤዙ ዶ አለ። በላዩ፣ ማንም በማይጋፋው ስፍራ፣ የእህቱ ሬ ብቻዋን ቆመች።

ትከሻዋ ሲወርድ አየው። መግፋቷን ተወች። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ጸና፣ ቆየ፣ አለቀ።

የሳቀ የለም። ሰው የጠገበ ሰው እንደሚያጨበጭበው አጨበጨበና ወደ ሹካው ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «ፋዘር፣ መጨረሻዋን ቀየራችኋት እንዴ? አሪፍ ናት» አለ። እትዬ ወንድሟን አላየችውም።

ደረጃውን ወረዱ። አውቶቡስ ውስጥ እሷ መስኮቱን ይዛ ተቀመጠች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች።

«ሬ ነበረች።»

«አዎ።»

«ቦታ ለቀህ ጠበቅከኝ።»

«አዎ።»

«ስለዚህ እንደማልደርስ ታውቅ ነበር።»

እሱ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ጣቴን ደነዘዘኝ አልከኝ። ውሃ አሞቅሁልህ።»

«እትዬ...»

«ከማን ጋር መከርክ?»

«ከባለ ቤዙ ጋር።»

«በእኔ ጉሮሮ ላይ ሁለት ወንዶች ስብሰባ ተቀመጣችሁ።» ከፊት ያለች ሴት ዞራ አየቻቸው። እትዬ ድምጿን አልቀነሰችም። «ቃለ ጉባኤም ይዛችኋል?»

«ብነግርሽ እሺ አትዪም ነበር።»

«አልልም ነበር። ቢሆንም መንገር ነበረብህ።»

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ሰኞ ተኛች፤ ይህ ያለ ነው። ማክሰኞ ግን አልተነጫነጨችም። ረቡዕ ጉሮሮዋን አልተጉመጠመጠችም። ሐሙስ ቀሚሱ አልወጣም። አስር ጣት በሩ ላይ ያለችውን ባዶ ሚስማር ሲያይ ዋለ። አልወደቀችም፤ ማይኩንም አላስቀመጠችም፤ ግን ከመውደቅ ያዳናት ነገር ራሱ ከደረጃው አውርዷት እንደሆነ ፈራ። ሊያስረዳት ቢያስብ ቃል አጣ። ዓርብም እንዲሁ አለፈ። ደጋግሞ የደከመ ሰው መጨረሻው ላይ መፍራትም ይደክመዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ኪቦርዱን ልጠቅልለው ብሎ ተነሳ።

መጋረጃው ተገለጠ።

«አትጠቅልለው። ያችን ነገር ምታልኝ። እኔ ሳልገባበት።»

ሦስቱን ቁልፎች ያዘ። ሚ፣ ሶል፣ ሲ። በግራ እጁ፣ ባለ ቤዙ ስለሌለ፣ ዶን ዝቅ አድርጎ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች።

«ጎዶሎ ናት» አለች።

«ያላንቺ ጎዶሎ ናት።»

«እንደገና።»

ደገማት። እሷ እንደተቀመጠች፣ ሳትዘጋጅ፣ ሳታምጥ ሬን ለቀቀችው። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ካለ አሮጌ ኪቦርድ ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ድምፅ ወጣ። እትዬ ድምጿን አቁማ ራሷ ያልሰማችው ነገር እንዳለ ሁሉ ጆሮዋን አዘነበለች።

«እዚህ መቆም ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም? ስንት ዘመን ተንጠራራሁ።»

«አሁን ነው የተማርኩት።»

«ዘግይተሃል።»

«ዘግይቻለሁ።»

እትዬ እጇን ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ፣ «ቶሎ ነው የምትለቃት» አለች። «ሰው ላይ በር እንደሚዘጋ። ትንፋሼ እስኪያልቅ ጠብቀኝ። ከእንግዲህ በኔ ነገር ስትማከሩ ደግሞ እኔም አለሁበት። ገባህ?»

«ገባኝ እትዬ።»

«ለዚያ ለቤዙም ንገረው።»

ተነስታ ቀሚሱን አወጣች፤ ሐሙስ መውጣት የነበረበት ነውና ተጨማዶ ነበር። «ያንን ኪቦርድህን አንሳልኝ፣ ልተኩስበት።»

እሑድ ደረጃውን ሲወጡ መታጠፊያው ላይ ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆሙ። አዳራሹ ሲደርሱ እትዬ ወደ ማይኩ አልሄደችም። ሥራ አስኪያጁን በጣቷ ጠራችው።

«ወንበር አምጣልኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ። ለማን መሰለህ?»

«ቆመው አይደለም እንዴ የሚዘፍኑት?»

«ቆሜ ነበር። አሁን ተቀምጬ ነው። መደገፊያ ያለውን አምጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ አስር ጣት ቢያይ አስር ጣት የኪቦርዱን ገመድ ያስተካክል ነበር። ወንበሩ መጣ። እትዬ ተቀምጣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ማይኩን ዝቅ አስደረገች። ከፊት ያሉ ሰዎች መብላታቸውን አላቋረጡም። ዘፈኖቹ አንድ በአንድ አለፉ፣ የመዝጊያው ተራ ደረሰ። ዝቅ ብላ ጀመረች፣ ወጣች። «መጣሁ» ላይ ስትደርስ ወደ ሚ አልተንጠራራችም። አስባ፣ ወዳ፣ ሬ ላይ አረፈች።

አስር ጣት ሦስት ቁልፎች ይዞ ሰባት ጣቶቹን አነሳ። መያዝ እንጂ መምታት የለም፤ ጥቂት የሚመታ ሰው ብዙ መጠበቅ እንዳለበት ማንም አልነገረውም ነበር። የእጁ አንጓ ዛለ። ባለ ቤዙ ገመዱ ላይ ጣቱን አሳርፎ ወደ እሱ አየ፤ እንልቀቅ ወይ እንደማለት። አስር ጣት እንቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀና ብሎ እህቱን አያት። ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጥላለች።

ገና አልጨረሰችም።